አመድ የጠጡ ሎሚዎች

ሳምሪ ሰው ስትንቅ ከቅንድቧ ነው የምትጀምረው። መጀመሪያ አንደኛው ቅንድብ ብድግ ይላል፤ ቀጥሎ ከንፈሯ ወደ አንድ ጎን ይሰበሰባል፤ መጨረሻ ላይ ዓይኗን ከሰውየው ላይ አንስታ ከጀርባው ወዳለው ግድግዳ ትልከዋለች። በቃ፣ ሰውየው የለም። ገዳሪፍ ውስጥ በዚህ ዓይነት ያልጠፋ ሰው ጥቂት ነው። አስተማሪዎቿን አጥፍታለች፣ የሰፈር ጎረምሶችን አጥፍታለች፣ ከኻርቱም ጦርነቱን ሸሽተው የመጡትን ሽቅርቅር ሴቶች ሳይቀር አንድ በአንድ አጥፍታለች። ደሴ ግን፣ ይኸው አራት ወር ሙሉ፣ አልጠፋ ብሏታል።

ደሴ ማነው ላላችሁ፣ ዩሚያ ሠራተኛ ነው። ጠዋት ተቀጥሮ ማታ የሚሰናበት ማለት ነው። ከጎጃም፣ ከዳንግላ አካባቢ፣ ሁለት ዓመት የእርሻ ትምህርት ተምሮ፣ ትምህርቱን አቋርጦ፣ በመተማ ገብቶ፣ ወደ ግብፅ ሊያልፍ ገዳሪፍ ላይ «ለትንሽ ቀን» ያረፈ ልጅ። ትንሽ ቀኑ እንዴት አራት ወር እንደሆነ እሱም አይናገርም፣ እሷም አትጠይቅም። ግን ሁለቱ በተላለፉ ቁጥር የውሃው ጎማ ያለ ቦታው ሲፈስ፣ የአባቷ የጋሽ እምባየ ችግኝ ቤት ሠራተኛ ሁሉ አይቷል።

ጋሽ እምባየ ከአርማጭሆ በእግሩ ነው የመጣ፣ ያኔ በአገር ቤቱ ጦርነት ጊዜ፣ ገና ጎረምሳ ሳለ። አሁን የከተማው ሀብታም ሁሉ ለግቢው ዛፍ ሲፈልግ እሱ ዘንድ ነው የሚመጣ። በዚህ ዓመት ደግሞ መፋዛ፣ ራሃድ ወንዝ ዳር እርሻ ያላቸው ሸህ አሊ ሦስት መቶ የሎሚ ችግኝ አዘዙ። ጋሽ እምባየ ሎሚዎቹን ለደሴ ሰጠና ማታ ለሚስቱ እንዲህ አላት፤

«ካማሩለት ቋሚ አደርገዋለሁ። ከጓሮ ያለችውን ክፍልም እሰጠዋለሁ። ካበላሻቸው ግን መንገዱን ይቀጥል።»

ሳምሪ ይኸን ከበሩ ኋላ ቆማ ሰማች። ወዲያው ደግሞ ከበር ኋላ ቆማ በመስማቷ ራሷን ናቀች፤ አመሏ ነው።

በማግስቱ ግን ማንም ሳያያት ከፉርኑ ቤት፣ ከዳቦ ጋጋሪው ማለቴ ነው፣ የማገዶ አመድ በባልዲ ይዛ መጣች። እናቷ ሣህሊቱ ሁልጊዜ ታወራለቻ፤ በአርማጭሆ የጓሮ ተክል የሚወፍረው በአመድ ነው እያለች። እና ሳምሪ፣ ውሃ የጠጣችበትን ብርጭቆ እንኳ የማታነሳዋ ሳምሪ፣ አንድ ወር ሙሉ ጎህ ሲቀድ በየላስቲኩ ከረጢት አንዳንድ እፍኝ አመድ ስታደርግ ከረመች። ለምን እንዳትሉኝ። ሎሚዎቹ እንዲያምሩ ነዋ። ሎሚዎቹ ካማሩ ደግሞ ማን እንደሚቀር ሰምታለች።

ሎሚዎቹ ቢጫ ሆኑ።

* * *

ነገሩ የፈነዳው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ጋሽ እምባየ ሠራተኞቹን ሁሉ ጠርቶ ከሎሚው መደብ ፊት አቆማቸው። አጠገቡ ሲሳይ አለ። አይ ሲሳይ። አባቱ የሰሊጥ ነጋዴ ናቸው፣ እሱ ደግሞ የአባቱ ልጅ ነው፤ ከዚህ ሌላ ሥራ የለውም። ፒካፑን በቀለበት ጣቱ ካልሆነ አይነዳትም፣ ሽቶው ደግሞ ከእሱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ከሄደም በኋላ ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ሁለቱ ቤተሰቦች ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ ለእሱና ለሳምሪ ቀለበት ይሁን ብለው በግማሽ ልብ ተነጋግረዋል፤ በሙሉ ልብ ያለው ሲሳይ ብቻ ነው።

ጋሽ እምባየ አንድ ቅጠል ቀጠፈና ደሴ አፍንጫ ሥር ያዘለት። ቅጠሉ ቢጫ ነው፤ ጅማቶቹ ብቻ እንደ ዓሣ አጥንት አረንጓዴ ሆነው ቀርተዋል።

«ይኸ ምንድን ነው?»

«ብረት አጥቶ ነው ጋሼ» አለ ደሴ።

«ያ ጀማዓ፣ ሰማችሁ?» አለ ሲሳይ። «ሎሚው ብረት አማረው። እስቲ ሚስማር አምጡለት።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። የሲሳይ ቀልድ አስቆ አያውቅም፤ ፒካፑ ነው የሚያስቅለት።

«ብረቱ አፈሩ ውስጥ አለ» አለ ደሴ፣ ለጋሽ እምባየ ብቻ። «አፈሩ ኖራ ሲበዛበት ብረቱን አንቆ ይይዘዋል፤ ሥሩ ሊመጠው አይችልም። ኮምጠጥ ማለት አለበት።»

«ታዲያ ለዚያ አይደል ያን ግም ቢጫ ዱቄትህን ስትነሰንስ የከረምከው? ድኝ ነው አልከኝ፣ እሽ አልኩህ። ምነው እስካሁን አልኮመጠጠ?»

«ድኝ ጊዜ ይፈልጋል። እየሠራም ነበር። እስካለፈው ወር ድረስ አረንጓዴ ነበሩ፣ አይተዋል።»

«አይቻለሁ። ካለፈው ወር ወዲህስ ምን ተፈጠረ?»

ከውጭ የረክሻ ጡሩምባ ተሰማ፣ አንዱ ሠራተኛ አሳለ። ከዚያ ደሴ ቀና አለና ሳምሪን አያት። አንዴ ብቻ ነው ያያት፤ ዓይኑን ደግሞ ወዲያው መለሰ።

ሳምሪ ያንን እይታ የገባት በራሷ መንገድ ነው። አማልጅኝ የሚላት መሰላት። እሷ የድርሻዋን ሠርታ፣ ያን ሁሉ አመድ በእነዚህ እጆቿ ተሸክማ፣ እሱ በዚያ በሚገማ ዱቄት አበላሽቶባት፣ አሁን ደግሞ አማልጅኝ?

«እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለ ደሴ።

«ሰማህ አባየ» አለች ሳምሪ። ቅንድቧ ተነሥቷል። «ጎጃም ውስጥ በሬ ሲነዳ የነበረ ሁሉ እዚህ ሲደርስ ሊቅ ነኝ ይላል። ይኸ ደግሞ ደብዳቤም ይጽፋል።»

ቦርሳዋን ከፈተችና በአራት የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከአራት ቀን በፊት መስኮቷ ላይ፣ ከአበባ ማሰሮ ሥር ያገኘችው ነው። አልከፈተችውም። ዩሚያ ሠራተኛ ለባለቤቱ ልጅ በድብቅ የሚጽፈው ምን ሊሆን ይችላል? ከከፈተችው መልስ መስጠት አለባት፤ መልሱን ደግሞ እሷም ፈርታዋለች። ግን በአራቱም ቀን፣ ቤት ማንም በሌለ ቁጥር፣ ወረቀቱ መኖሩን እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ ነክታዋለች።

እግሩ ሥር ወረወረችው።

«ይኸንንም ይዘህ ሂድ። አልከፈትኩትም፤ ድኝ ድኝ ይሸታል።»

ከእንግዲህ የሠራተኞቹን ሳቅ አልነግራችሁም። ደሴ ወረቀቱን አየው፣ ጎንበስ ብሎ ግን አላነሳውም።

«ብትከፍችው ይሻል ነበር» አላት። በቁጣ እንኳ አልነበረም፤ ዝናብ ይመጣል እንደሚል ሰው ነው ያለው። ወደ ጋሽ እምባየ ዞረ። «ዓስር ሰዓት ላይ ወደ ከሰላ የሚወጣ ሎሪ አለ ጋሼ። በደህና ይዋሉ።»

እጁን ታጠበ፣ ሸሚዙን ከሽቦው ላይ አወረደ፣ ሄደ። ሳምሪ ዓይኗን ወደ ግድግዳው ላከች፤ እንደ ልማዷ። ደሴ ከግቢው ወጥቶ ግድግዳውን ለብቻው ካገኘችው በኋላም ግን ልጁ ከዓይኗ አልጠፋም ነበር።

* * *

ጋሽ እምባየ ሸህ አሊ ጋር ሊደውል ወደ ቢሮው ገባ። ወረቀቱን ያነሳው ማን ይመስላችኋል? ሲሳይ። በጣቱ ጫፍ፣ የሞተ እንሽላሊት እንደያዘ ሰው አድርጎ፣ ሣህሊቱ ወደ ተቀመጠችበት በረንዳ አመጣው።

«እትየ ሣህሊቱ፣ ዛሬ በነፃ ድራማ አለልዎ» አለ። ከፈተው፣ አተኮረበት፣ ግንባሩ ተጨማደደ። ሲሳይ ያደገው በዓረብኛ ትምህርት ቤት ነው፤ ፊደል ከ«ሀ» ጀምሮ «መ» አካባቢ ይደክመዋል። «ኸላስ፣ ሳሙ፣ አንቺ አንብቢው። በድምፅ። በስሜት እንዲሆን።»

ሳምሪ ተቀበለችው። ለምን እምቢ አላለችም? በሰው ፊት ካሾፈችበት ይወጣልኛል ብላ ይሆናል። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ድምጿን እንደ ታመመች ድመት አለሳለሰች።

«ሳምሪ» ብላ አነበበች። «ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ። የምጽፍልሽ ስለ ሎሚዎቹ ነው።»

«ሎሚ ሊወረውርብሽ ነው እኮ» አለ ሲሳይ፣ ጭኑን እየመታ።

ሳምሪ ቀጣዩን መስመር በዓይኗ ቀደመችው። እንዲህ ይላል፤

«የዚህ አገር ጥቁር መሬት ውስጡ ኖራ አለበት። የእኛ ቀይ አፈር ኮምጣጣ ስለሆነ አመድና ኖራ ይወዳል፤ እኔ ራሴ ከአባቴ ጋር ኖራ ስበትን ነው ያደግኩት። እዚህ ግን ነገሩ ተገልብጧል። እኔ በድኝና በሰሊጥ ፋጉሎ ቀስ እያልኩ አፈሩን ሳኮመጥጠው፣ ጠዋት ጠዋት አመድ ይጨመርበታል። አንቺ እንደሆንሽ ውሃ ልቀዳ ስመጣ አይቻለሁ። ለክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። እባክሽ አቁሚ።»

«እ? ምነው ቆምሽ?» አለ ሲሳይ።

እናቷ እያየቻት ነው። ሲሳይ እየጠበቀ ነው። ወረቀቱ ላይ ካለው አንዲት ቃል ብትወጣ፣ ያን ሁሉ ሎሚ ያበላሸው ማን እንደሆነ ይታወቃል።

«ካየሁሽ ቀን ጀምሮ» አለች። ወረቀቱ ላይ የለም። «ካየሁሽ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።»

«ያ ሰላም» አለ ሲሳይ።

«ወደ ግብፅ የምሄድ ሰው ነበርኩ። መንገዱ ክፍት ነው፣ ሎሪው በየቀኑ አለ። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ።» ዓይኗ «ካላመንሽኝ ከርከዴ በታሸገ ውሃ አቅጥነሽ አፈሩን ጨምሪበት፤ አመድ የበዛበት አረንጓዴ ያደርገዋል» የሚለው ላይ ነው፤ አፏ ሌላ ያወራል። «ጠዋት መስኮትሽ ሲከፈት ካልሰማሁ ቀኑ አይጀምርልኝም። ስትሰድቢኝ እንኳ፣ ድምፅሽን ስለምሰማ፣ ቶሎ ባትጨርስ እላለሁ።»

ሲሳይ ከሳቁ ብዛት ዓይኑን እየጠረገ ነው። «ቶሎ ባትጨርስ! ወላሂ ይኸ ሰውዬ አህያ ነው። ቀጥይ፣ ቀጥይ።»

ሳምሪ አየችው። ጥርሶቹን፣ ቀለበቱን፣ ያንን በሽቶ የራሰ አንገቱን። በሕይወቷ የተናገረችውን አንድ እውነት፣ እሱም በሌላ ሰው ስም ያለችውን፣ እዚህ ሰው ፊት አውጥታ እንደ እህል አስጥታዋለች፤ እሱ ደግሞ እንደ ዶሮ ይጭርበታል። ያን ጊዜ የተሰማትን ንቀት ሁሉ ልታሳይ ብትል ቅንድቧ አይበቃውም ነበር። ትልቁን ድርሻ ግን ለራሷ ነው ያስቀረችው።

«የምትንቂኝ» አለች ቀስ ብላ፣ አሁን ያለ ማስመሰል፣ «ሌላ ነገር ማድረግ ስለምትፈሪ ነው።»

«ድፍረቱን አያችሁ» አለ ሲሳይ።

ሣህሊቱ አልሳቀችም። ማንበብ አትችልም ሣህሊቱ፤ ግን ልጇን ታነባታለች። ሳምሪ ወረቀቱን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ስትከተው፣ እናቷ ዝም ብላ እጇን ታያት ነበር። የፍቅር ደብዳቤ ስትጠብቅ የኖረች ልጅ፣ የአፈር ደብዳቤ አገኘች። አንዲት የፍቅር ቃል የለበትም፣ አንዲት። ያ ነው ያቃጠላት።

* * *

ሲሳይ በፒካፑ አቧራውን አስነሥቶ ሲሄድ ሳምሪ ወደ ኩሽና ገባች። የከርከዴውን፣ የዚያን ቀይ የአበባ መጠጥ፣ ማሰሮ አወጣች፣ የታሸገ ውሃ ጨመረችበት፣ ቀጭን ቀይ እስኪሆን። በሁለት ብርጭቆ ቀዳች። በአንዱ ከሎሚው መደብ ማዶ፣ ደሴ ድኝና ፋጉሎ አደባልቆ ለሚቀጥለው ዓመት ካዘጋጀው ክምር አንድ ማንኪያ አፈር ጨመረች። በሌላው ከቢጫዎቹ ከረጢቶች ካንዱ፣ ከላይ ከላይ፣ አንድ ማንኪያ።

የመጀመሪያው ደፈረሰ፤ ቀይነቱን ግን አለቀቀም። ሁለተኛውን ሳታማስለው፣ ማንኪያው ገና ከእጇ ሳይወጣ፣ ቀዩ ጠቆረ፣ ሰማያዊ ነገር ሆነ፣ ከዚያ አረንጓዴ። እንደ ኩሬ ውሃ ያለ አስቀያሚ አረንጓዴ።

«ከርከዴ ምን አደረገሽ?» አለች እናቷ ከበሩ።

«እማየ፣ አርማጭሆ አፈሩ ምን ዓይነት ነበር?»

«ቀይ። እግርሽን ካልታጠብሽ ልብስሽን ያቀላል። ምነው?»

«አመድ ታደርጉበት ነበር አላልሽም?»

«ታዲያ። እናቴም፣ እናቷም።» ሣህሊቱ ቀረብ ብላ ብርጭቆዎቹን አየች፣ ከዚያ ልጇን። «እዚህ ግን ሞክሬው አልሆነልኝም። እንደመጣን ሰሞን ቲማቲም ተክዬ አመድ አለበስኩት፣ አንዲት ፍሬ ሳይሰጠኝ ደረቀ። አባትሽ ሙቀቱ ነው አለ። እኔም ዝም አልኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ስለ ተክል ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

ሳምሪ ስለ ምንም ጠይቃት አታውቅም።

«አንቺ ነሽ እንዴ?» አለች ሣህሊቱ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እንዲያምርለት ብለሽ ነው?»

ሳምሪ ራሷን በአዎ ነቀነቀች። እናቷ ከመሳቢያው የረክሻ ፍራንክ አውጥታ እጇ ላይ አስቀመጠችላት።

«እኔ እምባየን ያገባሁ ቀን አባቴ እንዲህ ብሎ ነበር፣ ከእግሩ አቧራ በቀር ምን አለው ብሎ። ዓስር ሳይደርስ ሂጅ። ደግሞ ከንፈርሽን እንዲያ አታድርጊ፣ ስታስጠይ።»

ሳምሪ ሮጠች። ጫማዋን አሳስታ፣ አንዱን የእናቷን አድርጋ፣ ሮጠች። የት እንደምትሄድ ታውቃለች፤ ምን እንደምትል ግን ምንም አላዘጋጀችም። ሰው ሳትንቅ እንዴት እንደሚናገሩ ለካ አታውቅበትም።

* * *

የከሰላ ሎሪዎች የሚቆሙበት ቦታ ባንቺአየሁ የምትባል ሴትዮ በሣር በከደነቻት ራኩባ፣ ዳስ ማለቴ ነው፣ ሥር ምሳ ትሸጣለች፤ መንገደኛው ሁሉ እዚያ ነው የሚጠለል። ሳምሪ ከረክሻው ስትወርድ ባንቺአየሁ ጭልፋዋን ይዛ ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«እሰይ፣ የችግኝ ቤቷ እመቤት። ጫማሽ ተጣልቷል እንዴ የኔ እመቤት? አንዱ ወደ ሠርግ፣ አንዱ ወደ ለቅሶ ነው የሚሄደው።»

ሰዎቹ ሳቁ። ሳምሪ ቅንድቧን ልታነሳ ስትል አልነሣ አላት።

ደሴ ጥግ ላይ ጥቅሉን ተደግፎ ተቀምጧል። ሲያያት አልተነሣም።

«ምን ረሳሽ?» አላት።

«አነበብኩት።»

«እሽ።»

«ከርከዴውንም ሞከርኩት። አረንጓዴ ሆነ።»

«ስንት ደቂቃ ፈጀ?»

እንዲህ ብሎ ይጠይቃታል ብላ አልጠበቀችም። «ወዲያው ነው» አለች።

«ወዲያው ከሆነ ብዙ ነው የጨመርሽው» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «ቁንጥር ቁንጥር መስሎኝ ነበር።»

«ለምን እንዳደረግኩት አትጠይቀኝም?»

«አልጠይቅሽም።»

«እንዲያምሩልህ ነው። አባየ ካማሩለት አስቀረዋለሁ ሲል ሰማሁ።»

ራኩባው ሥር ያለው ሰው ሁሉ ማኘኩን አቆመ። ደሴ ቀና አለ፤ ያን ጊዜ ነው ሳምሪ ያየችው። ንቀት። የምታውቀው ነገር ነው፣ ሙያዋ ነው፤ ከወዲያ ማዶ ሆና ግን አይታው አታውቅም። ለካ ይበርዳል።

«አመዱን ይቅር ብያለሁ» አላት። «የማያውቅ ሰው ያጠፋል። እኔም የመጀመሪያው ወር ከዳንግላ የለመድኩትን ኖራ ልገዛ ወጥቼ ነበር። ግን አራት ቀን፣ ሳምሪ። አራት ቀን ቦርሳሽ ውስጥ ነበር። ሦስት መቶ ሎሚ እያጣጣረ፣ አንቺ ደብዳቤ ተጻፈልኝ ብለሽ ትኮሪያለሽ። ሰው ስላንቺ ካልሆነ ስለ ሌላ ነገር የሚጽፍ አይመስልሽም።»

«አዎ» አለች።

«ምን አዎ?»

«ስለ እኔ መስሎኝ ነበር። ስለ እኔ እንዲሆን ፈልጌ ነበር። ሲሳይ አንብቢው ሲለኝ፣ ጥፋቴ እንዳይታወቅ ከራሴ ፈጥሬ የፍቅር ደብዳቤ አነበብኩለት። አንተ ልትለኝ የምፈልገውን ሁሉ። እሱ ሳቀበት። አንዳንዱ ጥሩ ነበር።»

ባንቺአየሁ ጭልፋዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

ደሴ ፊቱን ወደ ሎሪው አዞረ። ሾፌሩ ጎማውን እየመታ ያያል፤ ሁለት ልጆች ከላይ ወጥተው ቦታ ይዘዋል። «ጠዋት ሠላሳ ሰው ፊት ነው የቆምኩት» አለ። «አሁን እዚህ፣ አላፊ መንገደኛ ፊት መጥተሽ ትናገሪያለሽ። ለአባትሽም በጓሮ ትነግሪዋለሽ። እሱም በጓሮ ይጠራኛል። እኔ በጓሮ አልመለስም።»

ሳምሪ ስልኳን አወጣች። ደወለችና ድምፁን ለሁሉ እንዲሰማ ከፈተችው።

«አባየ። አጠገብህ ማን አለ?»

«ሲሳይ ተመልሶ መጥቷል። ሠራተኞቹም አሉ፣ ሎሚውን እያስጣልኩ ነው። የት ነሽ አንቺ?»

«አታስጥለው። ድምፁን ክፈተውና ሁሉም ይስሙ። ሎሚዎቹን ያበላሸሁ እኔ ነኝ። አንድ ወር ሙሉ የፉርን አመድ ሳደርግባቸው ነበር። ደሴ አይቶኛል፤ እንዳቁም ነው የጻፈልኝ፣ እኔ ሳላነበው ፊቱ ላይ ወረወርኩት። ጠዋት ያበላሸሁ እኔ ነኝ ያለው እኔን ላለማጋለጥ ነው። ሲሳይ፣ አንተም ስማ፣ ቅድም ያነበብኩልህ ወረቀቱ ላይ የለም። የራሴ ነው።»

ከወዲያ ሲሳይ በዓረብኛ የሆነ ነገር አለ፤ ትንሽ ቆይቶ የፒካፑ ሞተር ተነሣ። ጋሽ እምባየ ይቅርታ ማለት አይችልበትም፤ ከማን ወረሰችው ብላችሁ ነው።

«ልጁ አጠገብሽ አለ?» አለ በመጨረሻ።

«አለሁ ጋሼ» አለ ደሴ።

«እነዚህ ነገሮች... ይድናሉ ወይ?»

ሾፌሩ በሩን ዘግቶ ጡሩምባውን ነፋ፤ ከላይ ያሉት ልጆች «ያላ ደሴ» እያሉ ይጠሩታል።

«ከላይ ያለውን አፈር ጠርጎ ማንሳት ነው» አለ ደሴ። «ከዚያ በኮምጣጤ ውሃ ማጠብ፣ በየሦስት ቀኑ፣ ትንሽ ትንሽ። ኮምጣጤ ግን ለጊዜው ነው፤ አፈሩ ተመልሶ ያሸንፈዋል። ድኙና ፋጉሎው እንደገና መግባት አለበት፣ እሱ ሲሠራ ሁለት ወር ይፈጃል። የደረቀው ቅጠል አይመለስም። አዲሱ አረንጓዴ ሆኖ ከወጣ ድነዋል።»

«ሸህ አሊን ሁለት ወር እለምናቸዋለሁ። ማን ይሠራዋል?»

«ልጅዎ» አለ ደሴ። «እኔ አሳያታለሁ። ከረጢቱን ሁሉ በየተራ በእጇ ትጥረገው።»

«ትጥረግ» አለ ጋሽ እምባየ፣ ስልኩንም ዘጋ።

ሎሪው ሄደ። ከላይ ያሉት ልጆች እጃቸውን አወዛወዙ፤ ደሴ አቧራው እስኪወርድ ድረስ ቆሞ አያቸው። ከዚያ ጥቅሉን አንስቶ ወደ ረክሻው ሄደና ከኋላ፣ ከሳምሪ ጎን ሳይሆን፣ ከሾፌሩ አጠገብ ጠበብ ብሎ ተቀመጠ።

«ለሎሚዎቹ ነው» አለ፣ ሳይዞር። «እንዳትሳሳቺ።»

«እሽ» አለች ሳምሪ። በሕይወቷ እንዲህ ለስላሳ «እሽ» ከአፏ ወጥታ አታውቅም።

ገበያው ጋ ሲደርሱ ረክሻውን አስቆመው። ከቅመም ሻጮቹ መካከል አንዱ ድኝ እንደሚሸጥ አሳያት። «ሁለት ኪሎ ግዢ። ዓረብኛው የኔ አይበቃም፣ ያታልሉኛል።»

ገበያ መሀል ገብታ ዕቃ ተሸክማ የማታውቀው ሳምሪ፣ በሁለት ዓይነት ጫማ ወረደች። ሻጩ ሽማግሌ ነው፤ ሲመዝንላት፣ ከጎኑ ያሉትን እየጠቀሰ፣ ሁለት ኪሎ ሙሉ ለማን ነው አላት። ድኝ በዚህ አገር የሚገዛው ለእከክ ቅባት ነው።

«ከቤታችሁ ማንን ነው እንዲህ የሚያሳክከው ልጄ?»

ሻጮቹ ሁሉ ጆሯቸውን አቆሙ። ትናንት ቢሆን ኖሮ ሽማግሌውን ከነሚዛኑ ወደ ግድግዳ ትልከው ነበር።

«እኔን ነው ሐጅ» አለች በዓረብኛ። «መላ ሰውነቴን።»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ከረክሻው ፊት፣ ከሾፌሩ አጠገብ፣ የአንድ ሰው ጀርባ ተንቀጠቀጠ፤ ሊይዘው ሞከረ፣ አልቻለም፣ ሳቀ። አራት ወር ሙሉ ሳቁን ሰምታው አታውቅም። ቢጫው ዱቄት ቀሚሷ ላይ እየረገፈ፣ ሰው ሁሉ እየጠቆማት፣ ሳምሪ ፀሐዩ መሀል ቆመች፤ እፍረቱ እስኪመጣ ጠበቀች። ከደሴ ሳቅ ሌላ ግን ምንም አልመጣም። ቶሎ ባይጨርስ አለች በልቧ።